ሰባቱ ፀጉር አስተካካዮች

ይቀመጡ ጋሼ፣ ይቀመጡ። ውሃው ሞቅ ብሏል። እንዲህ ነው፣ ራስዎን ወደ ኋላ ጣል ያድርጉት። የዳቦ ጋጋሪ ጢም ዱቄት እየጠጣ ነው መሰል ቶሎ ያድጋል። ልጅዎ በሰላም ተገላገለች? እሰይ፣ እንኳን ማርያም ማረቻት! ኧረ አይናገሩ፣ አረፋው አፍዎ ይገባል። በራስዎ ብቻ ነቅነቅ ይበሉልኝ፣ ወሬውን ለኔ ይተዉት።

እንዴ፣ ደህና ዋሉ ጌታዬ! ይግቡ፣ በሩን ብቻ መለስ ያድርጉት። ወረፋው አጭር ነው፣ ከጋሼ ቀጥሎ እርስዎ ነዎት። መቀመጫ የለንም ይቅርታ፣ ግድግዳውን ደገፍ ይበሉ... አይ፣ እሱ ላይ አይቀመጡ! የወንድሜ መሥሪያ ወንበር ነበር፣ ተሽጧል፣ ገዥው ከሰዓት በኋላ ይወስደዋል። ቀብድ የበላሁበት ዕቃ ሆኖ ነው እንጂ ለእርስዎ ወንበር የሚከለክል ማን አለ?

እና ጋሼ፣ ምን ልልዎት ነበር? አዎ፣ ትናንት ዳቦ ቤትዎ ተሰብስበን በቴሌቪዥን ያየነው የምክር ቤት ስብሰባ። ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። በደስታ ነዋ! ሰፈሩ በመረጠው ሰው የኮራ እንቅልፍ ይወስደዋል?

ሚኒስትሩ ያሉትን ሰምተዋል። «በከተማችን የፀጉር ቤቶች ሥራ ከሦስት እጥፍ በላይ አድጓል፣ ግብሩም አብሮ ማደግ አለበት» አሉ። እኔ ማደጌን የሰማሁት ከሳቸው ነው። ለካ ያን ጊዜ የግብር ቢሮ ቆጣሪዎቹ መጥተው ወንበር ሲቆጥሩ፣ አንድ ወንበር አንድ ሠራተኛ ነው ብለው ኖሯል። የኔና የወንድሜ ሁለቱ፣ እሺ ይሁን። አግዳሚው ሦስት ሰው ያስቀምጣል ተብሎ ሦስት ሆነ። ልጆች የምናስቀምጥባት ከፍ ያለችዋ አንድ። እግሯ ተሰብሮ ባልዲ የማስደግፍባት በርጩማ እንኳ... እሷም ፀጉር ታስተካክላለች! ከኔ ጋር ሰባት ሆንን። አምስቱ አንድ ቀን እንኳ «ደህና አደርሽ» ብለውኝ አያውቁም፣ ባለጌዎች ናቸው መሰል። ድሮ «ላም አለኝ በሰማይ» ያለ ሰው ይሳቅበት ነበር። እኔ ወተቷን ሳላይ ግብሯን ምድር ላይ እከፍላለሁ።

ወንበሮቹን አንድ በአንድ አውጥቼ ለሰው ብሰጥም «የተገመተ ተገምቷል፣ ደንቡን የሚያስለውጥ ምክር ቤት ነው» አሉኝ። ታዲያ ያ የመረጥነው ደግ ሰው፣ ስም አልጠራም፣ ስም መጥራት ነውር ነው፣ እዚችው ቤት ድረስ መጡልን። እርስዎም ነበሩ እኮ ጋሼ፣ ልብስ ሰፊዋም ነበረች። አግዳሚው ገና አልወጣም ነበርና እሱ ላይ ቁጭ ብለው «እኔ የናንተ አፍ ነኝ። የሚጠብቅ ሰው ወንበርና የሚሠራ ሰው ወንበር እንዴት አንድ ይሆናል? ብዬ እጠይቃለሁ» አሉን። የሦስት ሰው መቀመጫ ለብቻቸው ሞልተውት ነበር... ቆጣሪዎቹ ያኔ ቢመጡ ኖሮ አንድ ብለው ይቆጥሩልኝ ነበር።

አንገትዎን ቀና ያድርጉልኝ። እንዲህ፣ ተባረኩ።

ትናንት ስብሰባው ላይ ያቺ ባለ መነጽር ሴትዮ ተነሥታ «ክቡር ሚኒስትር፣ ይህን ቁጥር ከየት አመጡት?» ስትል እኔ አፈርኩላት። በጠራራ ፀሐይ ሚኒስትር ይጠየቃል? አጠገቧ ያለው ወጣት ደግሞ ብሶ «የቆጠራችሁት ሰው ነው እንጨት?» አለ። አሳዳጊ የበደለው! ሚኒስትሩ ላብ በላብ ሆኑ፣ ወረቀት ያገላብጣሉ፣ ከኋላ ብጣሽ ይቀበላሉ፣ እሱንም ያገላብጣሉ። ያኔ ነው የኛ ሰው እጅ ብቅ ያለው። ዳቦ ቤቱ በሙሉ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋ! እርስዎ እንኳ የደንበኛ መልስ በእጅዎ ይዘው ቆመው ቀሩ።

እንዴት ያለ ግርማ ሞገስ ነው ጋሼ! ውሃ ጎንጨት አሉ። ማይክራፎኑን መታ መታ አደረጉ። ከረባታቸውን አስተካከሉ፣ ያን ሰማያዊውን፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለውን... ጌታዬ፣ የእርስዎም ቁርጥ እሱን ነው እኮ፤ ከአንድ ሱቅ ነው የገዛችሁት? አፈ ጉባኤውን አመሰገኑ። ሚኒስትሩን አመሰገኑ። ብጣሽ አቀባዮቹን ሳይቀር አመሰገኑ። ወንድሜ እጄን ጨብጦ ይዞኛል። «ጥያቄዬ» አሉ... «ጥያቄዬ፣ ይህ ውጤታማ አሠራር ወደ ልብስ ሰፊዎችና ወደ ዳቦ ቤቶች መቼ ነው የሚሰፋው?»

አይሳቁ ጋሼ፣ ምላጭ ነው! ዳቦ ቤትዎ በር ላይ ስንት ወንበር ነበር ያለው? እንግዲህ ባለ ብዙ ጋጋሪ ሆነዋል፣ እንኳን ደስ ያለዎት።

የሚኒስትሩ ላብ እዚያው ደረቀ። «በጣም ገንቢ ጥያቄ ነው» ብለው ፈገግ አሉ። ይሄ ተሰጥኦ አይደለም? ያቺ ባለ መነጽር ዕድሜዋን ሙሉ ብትማር ሚኒስትር ታስቃለች? ምቀኛ ግን መቼ ይጠፋል... «ዝም ቢሉ በስንት ጣዕሙ» የሚል አለ። «ረስተውት ነው» የሚልም አለ። እንዴት ይረሳሉ? «አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» ይላሉ። ራስ ሲመለጥስ እኔ አውቃለሁ፣ ሥራዬ ነው። ከኋላ ይጀምራል፣ ሰው ሁሉ ያየዋል፣ ባለቤቱ ብቻ መጨረሻ ይሰማል። ሲሾም ያልጠየቀ ሲሻር ይቆጨዋል ብዬ እንዳልተርት ደግሞ፣ እሳቸው ምን ይቆጫቸዋል? ሰው አመስግኖ ይቆጨዋል?

እኔ የተቀየምኩ ይመስልዎታል? ምን በወጣኝ! ትንሽ ሆድ የባሰው ወንድሜ ነው። አባታችን ከሞተ ወዲህ እዚችው ወንበር ሥር ነው ያደገው፣ መቀስ ያስያዝኩት እኔ ነኝ። ለሰባት እየገበሩ ለሁለት መኖር አልሆነልንም። ዛሬ ጠዋት ቶንዶሱንና ማበጠሪያውን በፎጣ ጠቅልሎ ሥራ ፍለጋ ወጣ። ከመውጣቱ በፊት በሱ በኩል ያለውን መስታወት ወለወለው... ማን ሊያይበት? ያን ሳይ አልቅሻለሁ ጋሼ፣ ከእርስዎ አልደብቅም። አንድ ሰው ተነሥቶ አንዲት ቃል ቢል ኖሮ... ተዉት፣ ይቅር።

በቃ፣ አለቀ። ይዩት እስኪ፣ ሙሽራ መሰሉ! ሂሳቡ እንደ ድሮው ነው፣ ለእርስዎ አልጨምርም።

ይምጡ ጌታዬ፣ ተራዎ ነው። ምነው በሩን በሩን ያያሉ? ይቀመጡ፣ ይመቻቹ። ፎጣው ጠበቀብዎት? ኧረ እንዴት ያልብዎታል... ቀኑ እኮ አይሞቅም። ራስዎን ወደ ኋላ። እንዲያ። አይናገሩ፣ አረፋ ልቀባዎት ነው። መናገሩን ትናንት... ማለቴ፣ ሌላ ቀን ይደርሱበታል።

ጋሼ! ከመሄድዎ በፊት አንድ አደራ አለኝ። ያን ደግ ሰው ካገኟቸው ምርቃቴን ያድርሱልኝ፣ ከአንጀቴ ነው። ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላቸው። መቼም የሰው ልጅ ናቸውና ቀን ሊጎድልባቸው ይችላል... የጨነቃቸው ዕለት፣ ሰው ፊት ቆመው አፋቸው የተሳሰረ ዕለት፣ ስለ እሳቸው ተነሥቶ የሚናገር፣ ልክ እንደ እሳቸው ያለ ሰው እግዜር ያቁምላቸው። አሜን በሉ እንጂ... ጌታዬ፣ እርስዎም አሜን ይበሉ።