ጠባቡ መረብና ያልደረሰው እንሰት

የሞተር ብስክሌቱ ጎማ ባይተነፍስበት ኖሮ ዕዝራ በዚያ ቀትር ጫሞ ሐይቅ ዳር ባልቆመ ነበር። ጥላ ፍለጋ አንድ ሾላ ሥር ሲደርስ ጋሽ ኤርጫፎ የተቀደደ መረባቸውን ሲቋጥሩ አገኛቸው።

ጋሽ ኤርጫፎ ገና ሲያዩት ደከማቸው። የጎረቤታቸውን ልጅ ይወዱታል፤ ሥራውን ግን አይወዱትም። ዓሣ አስጋሪዎች ዓይኑ ጠባብ የሆነውን መረብ በአዲሱ ደንብ መሠረት እንዲያስረክቡ መንደር ለመንደር እየዞረ የሚናገር እሱ ነውና።

«ደህና ዋሉ፣ ጋሽ ኤርጫፎ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። መረቤን ልትወስድ ነው ወይስ ጥላዬን?»

«ለጊዜው ጥላውን።»

«ተቀመጥ እንግዲህ። ደንብ የሚያወጣ ሰው እራቱን በልቶ ነው የሚያወጣው። በሰፊው መረብ ትንንሹ ሁሉ ያመልጠኛል። ባለቤቴ ወርቂቱ ድስት ጥዳ ስትጠብቀኝ ምን ልበላት? ደንቡን ቀቅዪው?»

«ጉዳት የለውም አልልዎትም» አለ ዕዝራ ቀስ ብሎ። «የመጀመሪያዎቹ ወራት ይከብዳሉ። ግን ጉዳቱን ብቻ ሳይሆን ጥቅሙንም አብረን እንመዝን። በወጣትነትዎ የሚያወጡት ነጭ ዓሣ ምን ያህል ነበር?»

«ስሸከመው ጅራቱ መሬት ይጠርግ ነበር።»

«ዛሬስ?»

የዛሬው ዓሣ በገመድ ተሰክቶ እንደ መቁጠሪያ ከሽማግሌው ጎን ተንጠልጥሏል።

«ጨንቻ ያሉት እህትዎ እንሰቱን መቼ ነው የሚነቅሉት?»

«ሲደርስ ነዋ። ሳይደርስ የሚነቅል...»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። በልጅነታቸው አንድ ክፉ ዓመት እናታቸው ችግኙን ሳይቀር ነቅለው አብልተዋቸው ነበር። ያን ሰሞን ሆዳቸው ሞላ፤ ከዚያ በኋላ ግን ብዙ ዓመት የሰው ደጅ ጠኑ።

«እንሰት አጥር አለው፣ ልጄ። ሐይቅ የለውም። እኔ የተውኩትን ሌላው ያወጣዋል።»

«ደንቡ ለሁሉም የሆነውም ለዚሁ ነው። የሐይቁ አጥር እሱ ነው።»

ጋሽ ኤርጫፎ የጀመሩትን ቋጠሮ አጠበቁ። «አጥሩን ስታጥሩ ታዲያ እንጨቱን ሁሉ ለድሃ አታሸክሙ።»

«እውነትዎን ነው። የአስጋሪዎች ማኅበራችሁ ጠባቡን ላመጣ በሰፊው ሊለውጥለት ተስማምቷል። ዓሣው እስኪያድግ ያለውን ችግር ግን አልዋሽዎትም፤ አለ።»

ደንብ ሸክም ነው፤ ሸክምነቱን የሚክድ አይታመንም። ዛሬ ያመለጠው ትንሽ ዓሣ ግን አድጎ፣ ወልዶ ይመለሳል፤ ልጅም ከአባቱ ባዶ ሐይቅ አይወርስም። ሽማግሌው ይህን ከማንም ሳይሆን ከእናታቸው ጓሮ ተምረውት ነበር፤ ግን ረስተውት ኖረዋል።

ቢላዋቸውን አወጡና የሚያንሳፍፈውን ቡሽና የሚያሰጥመውን እርሳስ ከመረቡ ላይ እየቆረጡ በጎናቸው አኖሩ። የቀረውን ጠቅልለው ዕዝራ ጉልበት ላይ ጣሉለት።

«ቡሹ ለሰፊው መረብ ይሆናል» አሉ በደከመ ድምፅ። «ለወርቂቱ ግን አንተው ንገራት።»