«ማፉታ» አልኳት

ጎረቤቴ ማማ ሐሊማ እጇ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ አይቼ፣ ቤት የሠራሁትን ቅባት ወሰድኩላት። ሬት፣ የሰሊጥ ዘይትና ሰም ነው፤ ሌላ ዕቃ ስላጣሁ የሚረጋ የምግብ ዘይት ባዶ ጣሳ ውስጥ ነበር የገለበጥኩት። የምትናገረው ስዋሂሊ ነው፣ አማርኛዋ ትንሽ ነው፤ እኔ ደግሞ ከሰው ጋር ማውራት አፍራለሁ። በስዋሂሊ «ማፉታ» ብቻ ብዬ፣ ሰጥቻት ሮጥኩ።

በማግስቱ «ካሪቡ፣ ነይ ብዪ!» ብላ ጠራችኝ። ቻፓቲ የሚሉትን ቂጣ በዘይት እየጠበሰች ነው፤ ልጆቿ ከበዋታል። የመጀመሪያውን ለእኔ ሰጠችኝ። ቆርሼ ብጎርስ መራራ! ቀና ስል ጣሳዬ ግማሹ ጎድሎ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጧል። ለካ በስዋሂሊ የሚቀባውም የሚጠበስበትም ማፉታ ነው! ትንሿ ልጅ የእሷን ቻፓቲ ወደ አፏ ስታስጠጋ፣ «አትብዪ! የቆዳ ነው!» ብዬ ጮህኩና ከእጇ መነተፍኳት።

ማማ ሐሊማ ጣሳውን፣ ከዚያም የተሰነጣጠቀ እጇን አየች።

«እንዲህ መጮህ ትችያለሽ?» አለችኝ። «ታዲያ ትናንት ምን ነካሽ?»