የበረቱ ችካልና የተቀበረው የመብራት ገመድ

የምስክርነት ቃል
የምስክሯ ስም፦ ወይዘሮ ድርቤ ባቻ
ዕድሜ፦ 38 ዓመት
ሥራ፦ ግብርናና የቅቤ ንግድ
አድራሻ፦ ነቀምቴ ከተማ ዳርቻ፣ በጉቴ መንገድ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ቅዳሜ ሚያዝያ 2 ቀን 1957 ዓ.ም.

የመብራት ገመድ በጥሷል ተብሎ የተያዘው የአቶ ዋጋሪ ባለቤት ነኝ። ሚስቱ ስለሆንኩ አዳልታ ነው እንዳይባል፣ ያየሁትን ብቻ ሳይሆን አብሮኝ ያየውንም ሰው አስመዘግባለሁ።

ባለፈው ኅዳር ከከተማው የኤሌክትሪክ ሞተር ቤት ወደ አዲሱ ሕክምና ቤት መብራት ሲሳብ፣ የሥራው ኃላፊ አቶ መሸሻ ገመዱን በእርሻችን ውስጥ ሊያስቀብሩ መጡ። ባለቤቴ በእንጨት ላይ በአየር እንዲያልፍ ለመናቸው። እሳቸው ግን "የአገራችሁ ምስጥ እንጨቱን ከሥሩ በልቶ ይጥለዋል፤ መሬት ከገባ ንፋስም መብረቅም አያገኘውም" አሉ። ስለ ምስጡ እውነታቸውን ነው፤ እኛም የቤታችንን ምሰሶ ስንቴ ቀይረናል። ማረሻችን ምን ያህል እንደሚጠልቅ ጠይቀው፣ ከዚያ ጥቂት ዝቅ አድርገው አስቀበሩና "ከእንግዲህ እረሱ፣ ከብትም አስገቡ" ብለውን ሄዱ። ስለ በረት አልጠየቁም፤ እኛም አልነገርናቸውም። በዚያን ጊዜ በረታችን ከማሳው ማዶ ስለነበረ ሁልጊዜ እዚያው የሚቆም መስሏቸዋል። እኛ ግን በችካል የታጠረውን በረት በየጥቂት ቀኑ ነቅለን በማሳው ላይ እናዛውራለን፤ ከብቱ ያደረበት መሬት ፍግ ጠግቦ ጥሩ በቆሎ ይሰጣል።

ቦዩ ሲቆፈር በሬያችን ገብቶበት ለጥቂት ነው እግሩ ያልተሰበረው። ባለቤቴም በንዴት "ይህን ገመድ አንድ ቀን እበጥሰዋለሁ!" ብሎ በሰው ፊት ተናግሯል። ይህን አልክድም። አፉ እንጂ እጁ ክፉ አይደለም።

በመጋቢት መጨረሻ የሕክምና ቤቱ መብራት ድንገት ሲጠፋ ያ ንግግሩ ተነሥቶበት ተያዘ። ሠራተኞቹ የተበጠሰውን ቦታ ፍለጋ ከሞተር ቤቱ ጀምረው መሬቱን ሲገለብጡ ሰነበቱ፤ አላገኙትም። በአየር ላይ ቢሆን ኖሮ የተበጠሰው ገመድ ተንጠልጥሎ ከሩቅ ይታይ ነበር።

ትናንት ጠዋት በረቱ የሚዛወርበት ቀን አልፎ ስለነበረ ጎረቤቶቼ ሊያግዙኝ መጡ። ጎረቤታችን መገርሳ አንዱን ችካል ሲነቅል ጫፉ ከሰል መስሎ፣ የቀለጠ መዳብ ተጣብቆበት ወጣ። "አዴ ድርቤ፣ ችካልሽን ማን ጠበሰብሽ?" አለኝ። ነገሩ ወዲያው ስለገባኝ እልል አልኩ። ጉድጓዱን ማንም እንዳይነካ ከልክዬ የፖሊስ ጣቢያውን አሥር አለቃ ታፋንና አቶ መሸሻን አስጠራሁ።

በሁላችን ፊት ሲቆፈር ገመዱ ልክ ችካሉ በነበረበት ላይ ተወግቶ ተገኘ። የተቆፈረ አፈር ልል ስለሆነ ችካሉ ሳናስበው ጠልቆ ገብቷል። የተከልነው መብራቱ በጠፋበት ዕለት በቀን፣ ሞተሩ በማይሠራበት ጊዜ በመሆኑ ሰው አልተጎዳም፤ የተቃጠለው ማታ ሞተሩ ሲነሣ ነው። አቶ መሸሻ አፈሩ ላይ ቁጭ ብለው ሳቁና "እኔ የተጠነቀቅሁት ለማረሻ ነው፤ በረት እግር እንዳለው ማን ነገረኝ!" አሉ። ክሳቸውንም እንደሚያነሡ እዚያው ተናገሩ። በእርሻችን ላይ ገመዱ በአየር እንዲያልፍ፣ የእንጨቱም ሥር ለምስጡ ሬንጅ እንዲቀባ ተስማማን። እንግዲህ እሳቸው በምስጡ፣ ባለቤቴ በገመዱ ረትተዋል፤ እኔ ሁለቱንም ረትቻለሁ። ደስታዬ ልክ የለውም።

ባለቤቴ የተወሰደው በገበያ ቀን፣ በሕዝብ መሀል ነበር። ዛሬ ሲፈታም ገበያ ነው። አሥር አለቃው በጓሮ መንገድ ይዤው እንድሄድ መክረውኛል፤ አልቀበልም። በገበያው መሀል እወስደዋለሁ፤ ይህም እንዲጻፍልኝ ጠይቄ ተጽፎልኛል።

ከላይ የሰጠሁት ቃል ተነቦልኝ፣ በቋንቋዬም ተነግሮኝ፣ አንድም ያልጨመርኩበትና ያላጎደልኩበት እውነት መሆኑን በአሻራዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሯ አሻራ ________
የታዛቢ ፊርማ፦ መገርሳ አዱኛ ________
ቃሉን የተቀበለው፦ አሥር አለቃ ታፋ ________

ማስታወሻ፦ ምስክሯ አሻራዋን እንዳደረገች ባለቤቷን ተረክባ በገበያው በኩል ሄዳለች። ይህ ሲጻፍ እልልታው እስከ ጣቢያው ድረስ ይሰማል።