ከኋላ ወንበር ሥር የተገኘው ውሃ

ለሁለቱ ልጆቼ ብዬ፣ ለአሮጌዋ መኪናዬ የኋላ ወንበር ቀበቶ ላስገጥም ሸጎሌ አንድ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። መካኒክ ስለማላምን አጠገቡ ቆሜ፣ በልቤ እየጸለይኩ እጁን እጁን አየዋለሁ። ወንበሩን አወጣ፣ ምንጣፉን ገለጠና «ጋሼ፣ ወለሉ ዝጎ አልቋል። እዚህ ላይ ቀበቶ ብገጥም፣ ፍሬን ሲይዙ ብሎኑ ተነቅሎ ከልጆቹ ጋር ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ይበየድ» አለኝ። «አሃ፣ ሥራ ፈጠርክ!» አልኩት። «ይንኩት እስቲ» አለኝ። ብነካው ጣቴ በወለሉ አልፎ ወጣ። ምንጣፉም እርጥብ ነው። «ዝናብ የለ፣ ምን የለ! ይኼን ውሃ አንተ ነህ ያፈሰስከው!» ብዬ ጮህኩበት።

«ከመጡ ጀምሮ ዓይንዎ ከእጄ ላይ ተነሥቷል እንዴ፣ ጋሼ? መቼ ላፍስሰው?»

ይኼኔ ክው አልኩ። ለካ እኔው ነኝ! ልጆቼን ክፉ እንዳያገኛቸው ብዬ፣ በየወሩ ከቁስቋም ማርያም ጠበል እያመጣሁ መቀመጫቸው ላይ በጀሪካን አፈስስ ነበር። ትናንትም አፍስሻለሁ። ስነግረው ሳቀ። «ታዲያ ልጆቹን ያስጠምቋቸው እንጂ! ብረት ምን ኃጢአት ሠራ?»

«በል በይድልኝ፣ ልጄ» አልኩት። ብየዳው እስኪያልቅ ድረስ ልጆቼን ትምህርት ቤት በእግር አደርሳቸው ነበር።