«ያልወለደች ሴት» ተብሎ ሲጻፍ
ከደሃና ወደ ሰቆጣ በምንሄድበት ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጡ እናት አጠገባቸው ያለችውን ወጣት ስልኳን አስከፈቷት።

«ምራቴ ሳትወልድ ቆየች። ለወላጆቿ ልመልሳት ሽማግሌ ልለምን ነው የምሄደው። ከዚያ በፊት እስቲ የሚረዳ ጸበል ካለ ፈልጊልኝ።»

«ይዩት እናቴ፣ ‹ያልወለደች ሴት› ብዬ ስጽፍ ስልኩ ‹ትፈታለች ወይ› ብሎ ጨመረበት።»

«ማን ነገረው?»

«ሰው ደጋግሞ የጠየቀውን ነው የሚያመጣው።»

«አይ ሰው። እስቲ ‹ያልወለደ ወንድ› ብለሽ ጻፊ።»

«ምንም አይጨምርም።»

«ኔትወርክ ጠፍቶ ይሆናል።»

«ኔትወርክማ አለ። ስለ ወንዱ የጠየቀ የለም።»

«እኔም ጠይቄ አላውቅ» አሉ። «እንግዲያ ሽማግሌው ይቆየኝ፤ አስቀድሜ ልጄን ሐኪም ቤት እወስደዋለሁ።»

እኔን ሳልወልድ ቆየሽ ብለው ለወላጆቼ ሲመልሱኝ ስለ ባሌ የጠየቀ አልነበረም። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አድርጌ በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመርኩ።