ጋሽ ቀለም እና እርጥቡ ግድግዳ

ከሰፈሩ በጎ አድራጎት ማኅበር የተላከችው ወጣት ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ስትወጣ፣ ነጭ ቀለም የሞላ ባልዲ ካንጠለጠሉ ሽማግሌ ጋር ከመላተም ለጥቂት ተረፈች።

«ቀስ በይ ልጄ! ይህ ከፈሰሰ ዛሬ ጉድ መሆኔ ነው!»

«ይቅርታ አባባ። ምን አስቸኮለዎት?»

«እንግዳ ይመጣብኛል። ከማኅበሩ አንድ ትልቅ ሰው፣ ከቤቶች አስተዳደር ደግሞ መሐንዲስ። ግድግዳዬ ውሃ ያዘንባል፤ ሳይደርሱብኝ ላለባብሰው ብዬ ነው።»

«ትልቁ ሰው እኔ ነኝ» አለች።

ሽማግሌው ከእግር እስከ ራሷ አዩአት። «አንቺ? እኔ እኮ ከረባት ያሰረ ነበር የምጠብቀው!»

እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን የሰው ቤት ሲቀቡ የኖሩ፣ ሰፈሩ «ጋሽ ቀለም» የሚላቸው ናቸው። ከላይ የሚወርደው ውሃ በተከራዩት ክፍል ሻጋታ አብቅሎ፣ ባለቤታቸው በሳል እንቅልፍ ካጡ ከርመዋል። ማኅበሩ ደጅ ጠንቶ አምና መሐንዲሱን ቢያስልክም፣ ሰውየው «ይህ ግድግዳ ከእኔ ሳሎን ይበልጣል» ብሎ ተመልሷል። ወጣቷ ምክንያቱን አሁን ባልዲው ውስጥ አየችው።

«አምናም ቀብተውት ነበር?»

«ታዲያስ! ለእንግዳ ገበናዬን ላሳይ?»

ክፍሉ ውስጥ ገቡ። አልጋው ከግድግዳው ሸሽቶ መሐል ወለል ላይ ቆሟል፤ ባለቤታቸው በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ቁስልዎን ሸፍነው "ደህና ነኝ" ይላሉ?»

«ሐኪም ሌላ፣ እንግዳ ሌላ። የቀለም ቀቢ ቤት ሻገተ ሲባል ስሜ ምን ሊሆን ነው?»

«ቧንቧ ከላይ ቢፈነዳ ነውሩ እንዴት የእርስዎ ይሆናል?»

«ደግሞ ማኅበር ማለት ምጽዋት ነው። እኔ የማንንም እጅ አይቼ አላውቅም።»

«እኔም ባዶ እጄን ነው የመጣሁት፤ ይኸው ይዩት! ኪራይ ይከፍላሉ፤ ቤቱን ማደስ የአስተዳደሩ ግዴታ ነው። አስተዳደሩ ይህን ሲዘነጋ እኛ አብረንዎት እንጮሃለን። ግን ያልታየ ነገር ይዘን ምን ብለን እንጩህ?»

ችግርን መደበቅ ጨዋነት የሚመስላቸው እንደ ጋሽ ቀለም ያሉ ብዙ ናቸው። ክፋት የለባቸውም፤ ግን የዝምታቸውን ዋጋ የሚከፍለው ሁልጊዜ ሌላ የቤት ሰው ነው።

«አትድከሚ ልጄ» አሉ ባለቤታቸው። «እኔ ስስል "ቀስ ብለሽ ሳዪ፣ ጎረቤት ይሰማል" የሚለኝ ሰው እኮ ነው!»

ሦስቱም ሳቁ። የሴትየዋ ሳቅ ግን ወደ ሳል ዞረ፤ ሳሉም አልቆም አለ። ጋሽ ቀለም ውሃ አቀበሏቸውና ጀርባቸውን እያሻሹ ቆዩ። ከዚያ የባልዲውን ክዳን አንስተው በመዳፋቸው መትተው ከደኑት።

«ሳሏን እንኳ እንድትደብቅልኝ ጠይቄያታለሁ» አሉ ቀስ ብለው።

በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ቀለም ራሳቸው ከፈቱ።

«ይግቡ መሐንዲስ! አምና ያታለልኩዎት እኔ ነኝ። እዚህ ጋ ይዳስሱት፤ አይፍሩ፣ አይናከስም!»

መሐንዲሱ ቢዳስስ እጁ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። ወደ ላይኛው ፎቅ ወጡ፤ የተሰነጠቀውም ቧንቧ ተገኘ። ወሬው ሲሰማ ከሥር ያሉት ጎረቤቶች አንድ በአንድ ብቅ አሉ፦ አንዱ በመጋረጃ፣ ሌላው በትልቅ ፎቶግራፍ ያንኑ ውሃ ሲሸፍኑ ኖረዋል። ሁሉም ብቻቸውን የተረገሙ መስሏቸው ነበር።

ማኅበሩና ጎረቤቶቹ በአንድ ድምፅ ስላመለከቱ ቧንቧው ተቀየረ። ግድግዳው ደረቀ፤ አልጋው ወደ ጥጉ ተመለሰ፤ ባለቤታቸውም እስኪረፍድ መተኛት ጀመሩ። የሕንፃው ሰዎች መሰብሰብ ስለለመዱ፣ ጨለማ ለነበረው ደረጃ መብራት አስገቡ።

ጋሽ ቀለም ዛሬ ከወጣቷ ጋር ቤት ለቤት ይዞራሉ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ወይዘሮ «እኛ ቤት ምንም የለብንም» ብለው በር ላይ ቆሙ። ወጣቷ ሰዓቷን አየች።

«እሜቴ» አሉ ጋሽ ቀለም፣ «እኔም እንዲያ እል ነበር፤ ሚስቴን ልገድላት ምን ቀረኝ! ችግርዎን ሲናገሩ አስተዳደሩ ይሠራል፣ ጎረቤት ይነቃል፣ ልጆችዎ ደረቅ ቤት ያድራሉ። ሲደብቁት የሚያተርፈው ሻጋታው ብቻ ነው። ለመሆኑ ከኋላዎ የሚታየኝ ያ ቁምሳጥን መስኮቱን ጋርዶ ምን ያደርጋል?»

ወይዘሮዋ አንዴ እርሳቸውን፣ አንዴ ወጣቷን አዩ። ከዚያ ወደ ውስጥ አስገብተዋቸው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው የቁምሳጥኑን አንድ ጎን ያዙ።

«በሉ እንግዲህ፣ በዚያ በኩል ግፉልኝ!»