በሕልም የተጠጣ ወተት

በእኛ ጊዜማ፣ ልጆቼ፣ ሁዳዴ ሲገባ «ምን ልተው?» ብሎ የሚጨነቅ ሰው አላየሁም፤ ሥጋው፣ ወተቱ፣ ቅቤው አብሮ ይወጣል፣ አለቀ። አሁን ግን ቄሶቹ «ከምግቡ ሌላም ተዉ» ይላሉና፣ እኛም አምና በቅበላው እሑድ ጸሐይ ዘቅዘቅ ስትል እዚችው ደጅ ላይ ተሰበሰብን። የካቲት አይደል፣ አቧራው ከቆላው ተነሥቶ ጋራው ሁሉ የተንሳፈፈ ይመስላል፤ ዐይኔን ከድኜ ብከፍት የማጣው ይመስለኝ ነበር።

ታዲያ ልጄ መልካሙ «አረቄ እተዋለሁ» አለ፤ «ጎሽ!» አልነው። ልጄ ትርንጎ፣ አርብ ገበያ ከተማ አስተማሪ ናት፣ «እኔ ስልክ መጎርጎር እተዋለሁ» አለች።

«ስልክ ውስጥ ደሞ ምን አለ?» አልኋት።

«ያው ሐሜት ነው፣ አባባ።»

«እሱማ ድሮም አልተፈቀደልሽም!»

ተሣሣቅን። እና ወደ ባለቤቴ ወደ የሺ ዞርን፤ ያችውላችሁ፣ ጥጥ የምትፈትለዋ። የሺ ከልጅነቷ ጀምሮ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አፏ ገብቶ አያውቅም። ታዲያ ልቧ ደከመና ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ ሐኪሙም «ይኸን መድኃኒት ጠዋት ጠዋት እህል ቀምሰሽ ትውጪያለሽ፣ ካቋረጥሽው ግን አንተዋወቅም» ብሏት ነበር።

«እኔ የምተወው» አለች ቀስ ብላ፣ «መድኃኒቱን ነው።»

ትርንጎ አለቀሰች። መልካሙ ሮጦ የንስሐ አባታችንን መምሬ ዓለሙን ጠራቸው።

«ወለተ ማርያም፣» አሏት በክርስትና ስሟ፣ «ያንቺ ጾም መብላት ነው። የጾሙን እህል ጠዋት ትበያለሽ፤ ከመሞት መሰንበት ይሻላል።»

«አባቴ፣ ሰው ሁሉ ከንፈሩ ደርቆ ሲያስቀድስ እኔ ጠግቤ ልቀመጥ? ምን ብዬ ሰው ፊት ልቁም?»

«ትቆሚያለሽ!»

ያን ጊዜ እኔ ምን አልሁ መሰላችሁ? «አባ፣ የእሷን ለእኔ ይጨምሩልኝ። የራሴን እስከ ዘጠኝ፣ የእሷን ደሞ እስከ ጸሐይ መግቢያ እጾማለሁ።» መምሬ አዩኝና ሣቁ፤ «አንተ? አንዱንስ መቼ በወግ ዘለቅኸው? እስቲ ሞክር።»

እና ጠዋት ጠዋት በእጄ ሽሮ በእንጀራ አጎርሳታለሁ፤ እንባዋ ጠብ ጠብ ይላል። እኔም ዐይኔን እጠርጋለሁ፤ ከሐዘኑ ይሁን ከረኃቡ እንጃ! ታዲያ ውሎ ሲያድር እግሯ ያብጥ ጀመር። «እየበላች ምን ነካት?» ስል፣ አንድ ቀን ዶሮዋ ከበርጩማው ሥር ጉርሻዬን ስትለቅም አገኘኋት። ዶሮዋ ወፍራለች፣ እናንተዬ! መድኃኒቱም በመቀነቷ ጫፍ ተቋጥሮ ተገኘ።

«ምነው የሺ፣ ልትገይኝ ነው?»

«አፈርሁ» አለችኝ፤ «አንተ እየተራብህልኝ እኔ ብቻዬን ጾም ገዳፊ ሆንሁ።»

ፈራሁ። እውነቴን ነው፣ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ሽምብራ ልነቅል ወጣሁና አቅም ሲያጥረኝ ከዋንዛው ሥር ጋደም አልሁ። ነፋሱ ለስለስ ያለ ነው፣ ሰማዩ ነጭ ነው፤ እና የሺ ጉም ውስጥ መጣች። እንደ ሙሽርነቷ ጊዜ ናት፣ ሹሩባ ተሠርታ፤ እግሯም አላበጠ። ወተት የሞላ ቅል ይዛለች።

«እንካ» አለችኝ።

«ኧረ ሁዳዴ ነው!»

«እዚህ አገር ሁዳዴ የለም።»

ጠጣሁት። ሁሉንም! አረፋው ጢሜ ላይ ቀረ፤ ስነቃም ጢሜን እጠርግ ነበር። ደነገጥሁ። አፌን ልጉመጠመጥ ብል ውኃው ሊገባብኝ ነው፤ ሽምብራውን ጥዬ ወደ ቤት።

«የሺ፣ ጾም ገደፍሁ!»

«ምን በላህ?»

«ወተት ጠጣሁ።»

«ከየት አምጥተህ?»

«ካንቺ ነው! በሕልሜ።»

እንዝርቷን አስቀመጠች። ኋላ ሣቀች፤ ሆዷን ይዛ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ከታመመች ወዲህ ያልሰማሁትን ሣቅ። «ስንት ጠጣህ?» «ቅሉን ጨረስሁት።» «እሰይ! እንግዲህ ሁለታችንም ገዳፊዎች ነን» አለች። በማግሥቱ እኔ ሳላጎርሳት በገዛ እጇ ቆርሳ በላች፤ መድኃኒቷንም ዋጠች፤ አላለቀሰችም። ለፋሲካ በእግሯ ደብራችን ቤተ ልሔም ድረስ ወጣች፣ አበጠም አልተባለ።

እኔ የምለው፣ ሰው ብቻውን ሲያፍር ነው የሚሞተው፤ ሁለት ሲሆኑ ማፈሩም ይቀላል። አይደለም እንዴ፣ የሺ?

(ባለቤታቸው እንዝርቱን ሳያቆሙ፦) «ተወው እባክህ! እኔ እኮ "እንካ ያዝልኝ" ነው ያልሁት፤ ጠጣ ያለህ ማን ነው?»